አራተኛው ቡሎን

እሁድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሰልማን መኪናውን ሊረከብ ቡራዩ ሲደርስ የጋራዡን የቆርቆሮ በር ገርበብ ብሎ አገኘው። ሁለት ጊዜ ተጣራ። መልስ ሲያጣ ገፋ አድርጎ ገባ። አረንጓዴው ላንድክሩዘር የኋላ ጎማዎቹ ተፈትተው፣ ወደ ቀኝ አጋድሎ፣ ቂጡን መሬት ላይ ጥሎ ተቀምጧል። ከሥሩ ሁለት ጫማዎች ይታያሉ። ሰልማን ጫማዎቹን ዐወቃቸው። ቅዳሜ ዕለት «ነገ ከምሳ በኋላ ና፤ እንደ ፍየል ገደል ትወጣልሃለች» ያለው የመካኒኩ የዘርሁን ጫማዎች ነበሩ።

ኢንስፔክተር እናትነሽ ስትደርስ ሰልማን ከበሩ ውጪ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ምንም ያልነካ እጁን በሱሪው ይጠርግ ነበር። አልፋው ገባች። ረዳቷ ምክትል ሳጅን ሩሃማ ቀድማ ደርሳ መኪናውን ዙሪያውን እያየች ነው።

ነገሩ ላዩን ሲያዩት ግልጽ ነው። መኪናው ከተራው ላንድክሩዘር ከፍ ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ የሚያነሳው ክሪክ አልደርስ ብሎት ጣውላ ተደርቦለታል። ጣውላው ሸሽቷል፣ ክሪኩ ተጋድሟል፣ መኪናው ወርዷል። የኋላውን ክብደት የሚሸከሙት ባሌስትራዎች አዲስ ናቸው፤ የብረት ንጣፎቹ ቀለም ገና ያበራል። በግራ በኩል ንዝረት የሚያበርደው አሞርዛተርም ተቀይሯል። በቀኝ በኩል ግን የላይኛው ጫፉ ብቻ ታስሮ የታችኛው ተንጠልጥሏል። ዘርሁን እሱን ሊያስር ሲል ነው የሞተው።

«አደጋ ነው» አለ ፎቶ የሚያነሳው ፖሊስ።

እናትነሽም እንደዚያው ልትል ነበር። አፏን ስትከፍት ሩሃማ ቀደመቻት።

«ስኮርታው እዚያ ምን ይሠራል?»

ስኮርታው፣ መለዋወጫ ጎማው፣ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። የትኛውም መካኒክ መኪና ሥር ከመግባቱ በፊት ስኮርታውን ሻሲው ሥር ያጋድማል፤ ክሪክ ቢከዳ ጎማው ይይዘዋል። እዚህ ጋራዥ ውስጥ ደግሞ ከጎማው በላይ ባለው ቆርቆሮ ላይ በትልልቅ ፊደል ተጽፏል፦ «ስኮርታ ሳያስገባ የገባ ሠራተኛ ነገ አይምጣ»።

እናትነሽ ጽሑፉን አነበበች። ሩሃማን ከሦስት ዓመት በፊት ከሰንዳፋ ሥልጠና ስትወጣ የተቀበለቻት እሷ ነች። «ከሰውየው በፊት ዕቃውን እዪ» ብላ ያስተማረቻትም እሷው። ትምህርቱ መግባቱ ሊያስደስታት ይገባ ነበር። ደስታ ግን አልመጣም፤ የሆነ ቦታ ላይ ቆንጠጥ አደረጋት። ጣቢያ ባለው መሳቢያዋ ውስጥ ሩሃማን ወደ አዲስ አበባ ምርመራ ክፍል ለመውሰድ የሚጠይቅ ደብዳቤ አለ። የሚጠብቀው የእሷን ፊርማ ብቻ ነው። አሥራ ስምንት ቀን ሆኖታል።

ከሟቹ የደረት ኪስ አንድ ነገር ብቻ ወጣ፤ ትንሽ የጥፍር ቀለም ጠርሙስ። ደማቅ ቀይ፣ እስከ ግማሽ የተጠቀሙበት።

ባለጋራዡ ጋሽ ጌታቸው ከእድር ስብሰባ ተጠርተው መጡ። ስድሳ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ አርባውን ከመኪና ሥር ያሳለፉ ሰው መሆናቸውን ጀርባቸው ይናገራል። አስከሬኑን አይተው ምንም ሳይጠየቁ ሁለት እጃቸውን ለካቴና ዘረጉ።

«ክሪኩ የኔ ነው። ጣውላውም የኔ ነው። ዘንድሮ እቀይረዋለሁ፣ ዘንድሮ እቀይረዋለሁ ስል ልጄን በላሁት። እሰሩኝ።»

በቸልተኝነት ሰው መግደል ተብሎ ተመዘገበ። በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለባቸው። እናትነሽ በልቧ ወደደቻቸው። ጥፋቱን ሳይጠይቁት የሚሸከም ሰው በሥራዋ ብዙ አልገጠማትም። ምናልባት ለዚህ ነው ‹አደጋ ነው› የሚለውን ያፈረሰውን ስኮርታ ያንን ያህል ያልወደደችው።

*

የዘርሁን ሚስት ጣቢታ ከቸርች በመጡ ሴቶች መሀል ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ሁሉም ያለቅሳሉ፤ እሷ ብቻ ዓይኗ ደረቅ ነው።

«ጠዋት አብራችሁ አልነበራችሁም?» አለች እናትነሽ።

«አመመኝ ብሎ ከቸርች ቀረ። እሁድ ሥራ አይነካም። ከተጋባን ሰባት ዓመታችን ነው፣ አንድ እሁድ መፍቻ አልያዘም።» ቀና ብላ አየቻት። «ኪሱ ውስጥ አገኛችሁ የተባለው እውነት ነው?»

ወሬው ከአስከሬኑ ቀድሞ ቤቱ ገብቷል። እናትነሽ ራሷን ነቀነቀች።

ጣቢታ ሁለት እጆቿን ዘርግታ አሳየቻት። ጥፍሮቿ አጫጭር፣ ባዶ ናቸው።

«ተቀብቼ አላውቅም። እሱም የማይወድ መስሎኝ ነበር።»

«ገና የምናውቀው ነገር የለም።»

«ሴቶቹ አልቅሺ ይሉኛል። እንዴት ብዬ? ሴት ባሏ ሲሞት እኮ ባሏን ነው የምታለቅሰው። እኔ የማን ባል እንደሞተ አላወቅሁም።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ለማን እንደገዛው ንገሩኝ። ከዚያ አለቅሳለሁ።»

*

ከጋራዡ ፊት ለፊት ሱቅ ያላት ፈቲያ ጠርሙሱን ስታይ ሳቅ አመለጣት፤ ወዲያው አፏን በሻሿ ያዘች።

«ከኔው ነው የገዛው። በየሁለት ወሩ አንድ፣ ሁልጊዜ ቀይ። ‹ለመሆኑ ሴትየዋ ስንት ጥፍር አላት?› ስለው ‹አንዳንዴ አራት፣ አንዳንዴ ስምንት› ብሎኝ ይሄዳል። ቀልደኛ ነበር፣ ነፍሱን ይማረው።»

«አንቺ ለማን ነው ብለሽ ነበር?» አለች እናትነሽ።

«እኔ ምን አውቄ።» ሌላ የሚሰማ አለመኖሩን ለማረጋገጥ ግራ ቀኝ አየች። «የሱሉልታዋ ናት ባይ ነኝ። ያንን ረጅም መኪና እየነዳች የምትመጣዋ፣ ሶፊ። ጥፍሯ እስከዚህ ቀይ ነው። ትመጣለች፣ እሱ ከሥር ይወጣል፣ ይስቃሉ። ባልየው ቢሰማስ?»

«ሰምቶ ይሆን?»

«ቡራዩ የተወራ ሱሉልታ ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል?»

*

ሰኞ ጠዋት ሱሉልታ ላይ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ሰልማን የከብት መኖ በሚሸጥበት መጋዘን በር ላይ ተቀበላቸው።

«አካም ቡልተን፣ ኦቦ ሰልማን» አለች እናትነሽ በኦሮምኛ።

«ነጋ፣ ሰላም ነው። ግቡ።»

ሚስቱ ሶፊ ከውስጥ መጣች። ጥፍሮቿ እውነትም ቀይ ናቸው። እናትነሽ ጠርሙሱን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ሶፊ አንስታ ወደ መስኮቱ አዞረችው፣ ጣቷን አጠገቡ አስጠጋች። የእሷ ወደ ጥቁር የሚያደላ የበሰለ ቀይ ነው። የጠርሙሱ እንደ ትራፊክ መብራት ይጮሃል።

«ይኼ የኔ መስሏችሁ ነው? ብሞት አልቀባውም።»

«ጋራዡ ድረስ መኪናውን የምትወስጂው አንቺ ነሽ?»

«እሱ ሥራ ሲይዘው። ያውም ከኋላ በሌላ መኪና እየተከተለኝ። ሰልማን በሰው አይቀናም፣ በላንድክሩዘሩ ነው የሚቀናው።»

«ማርሽ ታስጮኻለች» አለ ሰልማን።

እሁድ ጠዋት ሁለቱም ጫንጮ የአጎቱ ልጅ ኒካህ ላይ ነበሩ። ሰልማን እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ሥጋ ሲያድል ፎቶ ተነስቷል፤ አርባ ሰው አይቶታል። ሩሃማ ስሞች ጻፈች።

«መኪናውን ምን ልታስደርግ ነበር የሰጠኸው?»

«የኋላውን ላስጠናክር። ከጫንጮ ወዲያ ወንዝ አለ፣ ከጓደኞቼ ጋር እንሻገረዋለን። ድንጋዩ ከሥር እየቀጠቀጠ ጨረሰኝ። የነሱ መኪና ሲወጣ የኔ ይቀራል።» ይህን ሲል የመጀመሪያው እውነተኛ ምሬት ፊቱ ላይ ታየ።

ሊሸኛቸው እስከ በሩ ወጣ። ሶፊ የማትሰማበት ቦታ ሲደርስ እናትነሽን በክንዷ ያዝ አደረጋት።

«እውነት የሷ አይደለም?»

«አይደለም።»

«እሺ» አለ። ሁለት እርምጃ ሄዶ ተመለሰ። «ቀለሙ ግን በቆይታ አይጠቁርም?»

«አይጠቁርም፣ ኦቦ ሰልማን።»

በመንገድ ላይ ሳሉ አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ከሆስፒታል ደወለ። የሞተው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩልና ከስድስት ሰዓት መካከል ነው። «ደረቱ ላይ ሁለት የብረት ምልክት አለ» አለ ሐኪሙ። «በመሀላቸው አራት ጣት ያህል ይሆናል። መኪናው ሲወድቅ ነጥሮ ሊሆን ይችላል።»

«ሊሆን ይችላል ወይስ ነው?»

«እኔ የሰው ሐኪም ነኝ፣ ኢንስፔክተር። የባሌስትራ አይደለሁም።»

*

ከሰዓት በፊት መኪናውን በክሬን አስነስተው ጣቢያው ግቢ አመጡት። ሩሃማ ሁለት ጎማ ከሥሩ አጋድማ፣ ቱታ ለብሳ ገባች። እናትነሽ ቆማ ጫማዎቿን አየች። ሴት ልጅ የላትም። ቢኖራት እንዲህ ስትገባ ታስወጣት ነበር።

«እያንዳንዱ ባሌስትራ በሁለት ቡሎን ከሻሲው ጋር ይያያዛል፤ ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ» የሩሃማ ድምፅ ከሥር መጣ። «በጠቅላላው አራት ቡሎን። የሦስቱ ዳዶ፣ ቡሎኑን ጫፉ ላይ የሚያጠብቀው፣ ወደ ውስጥ ነው የታሰረው። የአንዱ ብቻ ወደ ውጪ ነው። የቀኝ የኋላው። ደግሞ ቀይ ነገር አለባቸው፣ እንደ ጭረት...»

«የፋብሪካ ምልክት ነው» አለች እናትነሽ ቶሎ ብላ። «ነይ ውጪ።»

ለምን እንደቸኮለች ራሷም አላወቀችም። ወይም ዐውቃለች፤ ቀድማ ያላየችው ነገር እንዳይበዛባት ነው።

ጋሽ ጌታቸውን ከማረፊያ ክፍል አስጠርታ ጠየቀቻቸው። ሦስት ዳዶ ወደ ውስጥ መሆኑን ሲሰሙ አገጫቸውን ያዙ።

«በኔ ቤት ዳዶ ወደ ውጪ ነው የሚታሰረው» አሉ። «ሲላላ ቆመህ እንድታየው። አለቃዬ እንደዚያ አስተማረኝ፣ እኔም ልጆቼን እንደዚያ አስተማርኩ። ወደ ውስጥ የሚያስረው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«ማን?»

«ተዪው ልጄ። እሱም ልጄ ነው።»

«ጋሽ ጌታቸው፣ እየጠየቅኩዎት ነው።»

«ሕዝቅያስ። ከዘርሁን ጋር አብረው ከሆሳዕና የመጡ ናቸው፣ አብሬ ነው ያሳደግኳቸው። ‹ወደ ውጪ ከሆነ ድንጋይ ይመታዋል› እያለ ይከራከረኝ ነበር። ቤቱ አንድ ወግ አለው፤ አለቃው የራሱን የቺያቬ ሳጥን፣ መፍቻዎቹን ሁሉ፣ ከልጆቹ ለአንዱ ይሰጣል፤ የተቀበለው ወራሽ ነው። ለዘርሁን ሰጠሁት። ሕዝቅያስ በማግስቱ ሰበታ ሄዶ የራሱን ከፈተ። ሦስት ዓመቱ ነው፣ ደጄን አልረገጠም።» አንገታቸውን ደፉ። «በዘርሁን እንደሚቀና ግን አገር ያውቃል። እሱን አትንኩብኝ።»

አትንኩብኝ ያሉት ሰው ላይ እናትነሽ በሰባት ሰዓት መኪና አስነሳች።

*

ሕዝቅያስ ሰበታ ከፋብሪካዎቹ መንገድ ዳር ባለው ጋራዡ ውስጥ ቁጭ ብሎ አገኙት። ሥራ አልሠራም። ዓይኑ አብጧል።

«እሁድ ጠዋት የት ነበርክ?»

ስልኩን አውጥቶ ሰጣቸው። የቸርቹ መዘምራን በቀጥታ ሲተላለፉ የሚያሳይ ቪዲዮ ነው። ሕዝቅያስ ፊት ረድፍ ላይ ቆሞ ይዘምራል። ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት። ሩሃማ እያሳለፈች አየችው፤ አንድም ቦታ አልጠፋም።

እናትነሽ ሳታስበው ተቀመጠች። «በዘርሁን ትቀና ነበር?»

«አዎ» አለ። «ሳጥኑን ሲቀበል እዚያው ቆሜ አጨበጨብኩ። እጄ እያጨበጨበ ሆዴ ሲቃጠል ይሰማኝ ነበር። ከሱ የምበልጥ ይመስለኝ ነበር። አሁንም ይመስለኛል። እንዲህ ማለት ያሳስራል?»

«አያሳስርም። ሦስት ዳዶ ግን ወደ ውስጥ ታስሯል።»

ሕዝቅያስ ቀና አለ። መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ፊቱ ቀስ ብሎ ተለወጠ፤ ሊስቅም ሊያለቅስም የሚችል ፊት።

«አደረገው ማለት ነው» አለ።

«ምኑን?»

«ቅዳሜ ደወለልኝ። በሦስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ። ‹ሰልማን በወንዝ ድንጋይ ተቸግሯል፣ ያንተን አሠራር ልሞክርለት ነው። እሁድ ጋሼ ቤተ ክርስቲያንና እድር ስለሚውሉ አያዩኝም› አለኝ። እግዜርም ለአንድ ቀን ይቅር ይለኛል ብሎ ሳቀ። አጠባበቁን ደግሜ ነገርኩት። ቀለሙን አትርሳ አልኩት።»

«የምን ቀለም?»

«የጥፍር ቀለም። ዳዶ ጠብቆ ሲያልቅ ከብረቱ ጀምሮ በዳዶው በኩል እስከ ቡሎኑ ጫፍ አንድ መስመር እናሰምርበታለን። ዳዶው ትንሽ ቢዞር መስመሩ ይሰበራል፤ በዓይን ይታያል። እኔ ነኝ ያሳየሁት፣ ልጆች ሆነን። ጋሼ ‹የሴት ነገር› ብለው ስለሳቁበት እየደበቀ ነበር የሚጠቀመው።»

ሩሃማ ከኪሷ ያወጣችውን ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሕዝቅያስ በሁለት እጁ ያዘው።

*

ዓለም ገናን አለፉ።

«አንዳንዴ አራት፣ አንዳንዴ ስምንት» አለች እናትነሽ። «ፈቲያ የነገረችን። ቡሎኖቹን ነው የቆጠረላት።»

«አዎ» አለች ሩሃማ። ትንሽ ቆይታ «ሦስቱን የሠራው ራሱ ዘርሁን ከሆነ...» ብላ ተወችው።

እናትነሽ በጎን አየቻት። ልጅቷ መስኮቱን ትመለከታለች። ዐረፍተ ነገሩን ልትጨርሰው ትችል ነበር፤ ለአለቃዋ ትታላት ነው። እንደ ሕፃን አጎረሰችኝ ብላ አሰበች እናትነሽ፤ ፊቷ ሞቀ። ቢሆንም ጎረሰችው።

«ቀኑን ሙሉ ሦስቱን ነው ስናሳድድ የዋልነው። መጠየቅ ያለበት አንዱ ነው።»

ጣቢያ እንደደረሱ ቱታውን እናትነሽ ራሷ ለበሰች። ከመኪናው ሥር ገብታ በባትሪ አበራች። በሦስቱ ዳዶዎች ላይ ቀዩ መስመር ቀጥ ብሎ፣ ሳይሰበር ይታያል። አራተኛው ጋ ስትደርስ ባትሪውን አስጠጋች። ዳዶው ወደ ውጪ ነው፤ በውስጥ በኩል ግን፣ አሁን የቡሎኑ ራስ ብቻ ባለበት ቦታ፣ ብረቱ ላይ የተቆረጠ የቀይ መስመር ግማሽ አለ። የቀረው ግማሽ በውጪ በኩል በታሰረው ዳዶ ላይ ነው፤ ከምንም ጋር አይገጥምም።

ዘርሁን አራተኛውንም ወደ ውስጥ አስሮ፣ አጥብቆ፣ ቀለም አስምሮበት ነበር። ከዚያ ሌላ ሰው ፈትቶ፣ አገላብጦ፣ ወደ ውጪ አሰረው።

«ጎማዎቹ በተፈቱበት ሰዓት ይኼ ቡሎን ሲወጣ ምን ይሆናል?» አለች ከሥር።

«ባሌስትራው ይለቃል» አለች ሩሃማ። «መኪናው በዚያ በኩል ዘፍ ይልና ከክሪኩ ይወርዳል። ስኮርታ ከሌለ እስከ መሬት።»

«ስኮርታውስ ለምን ተነሳ?»

«ዳዶው በውስጥ በኩል ስለሆነ። ጎማው ተጋድሞ እያለ እጅ አይደርስበትም።»

የቀረው ሁለት ጥያቄ ነበር፤ ጋሽ ጌታቸው ጋራዡ ውስጥ ሰው መኖሩን እንዴት ዐወቁ? ከእድሩስ ሳይታወቅ መውጣት ይችሉ ነበር? ፈቲያ የመጀመሪያውን ቆማ መለሰች፦ «እሁድ በሩ ገርበብ ብሎ ሳየው ሌባ መስሎኝ ለጋሽ ጌታቸው ደወልኩላቸዋ። አራት ሰዓት ተኩል ገደማ። ‹የመፍቻ ድምፅ እሰማለሁ› አልኳቸው። ማን ጠየቀኝና ልናገር?» የእድሩ ጸሐፊ ሁለተኛውን መለሰ፦ ጋሽ ጌታቸው ሲጀመር ስማቸው ሲጠራ ነበሩ፣ ፖሊስ ሲጠራቸውም ነበሩ። በመሀል የድንኳን ክርክር ተነስቶ ሁለት ሰዓት ፈጅቷል። በዚያ ጫጫታ ማን ወጣ ማን ገባ ብሎ የቆጠረ የለም።

*

ማክሰኞ ጠዋት እናትነሽ ቡሎኑንና ዳዶውን በፕላስቲክ ከረጢት አድርጋ ጋሽ ጌታቸው ፊት አስቀመጠች። ሩሃማ በሩ አጠገብ ቆመች።

ሽማግሌው ከረጢቱን አዩት። ከሁሉ በፊት ቀዩን መስመር ነው ያዩት።

«ይኼ የሴት ነገር» አሉ ቀስ ብለው።

«አራተኛው ነው፣ ጋሽ ጌታቸው። መልሰው ሲያስገቡት እጅዎ የለመደውን አደረገ።»

ውጪ አንድ ሚኒባስ ሰው ይጠራል፤ አስኮ፣ አስኮ፣ አስኮ።

«ሌባ ብዬ ነው የሄድኩት» አሉ። «በሩን ስገፋ ዘርሁን ከሥር ሆኖ ያፏጫል። ጎንበስ ብዬ ሥራውን አየሁ። ዳዶዎቹን አየሁ። ያንን ቀይ አየሁ። ሰበታ ያለው ልጅ እቤቴ የገባ መሰለኝ። ‹አውጣው› አልኩት። ‹ጋሼ፣ ሰልማን የጠየቀው ነው› አለኝ። በዚህ ባበቃ ጥሩ ነበር። ‹ደግሞም የሕዝቅያስ ይሻላል› አለኝ። ፊቱን እንኳ አላየሁም። ጫማውን ነው ያየሁት።»

«ከዚያስ?»

«ሳጥኔን ሰጥቼዋለሁ። አለቃዬ የሰጠኝን። በነዚያ ቺያቬዎች የዚያን ልጅ ሥራ ይሠራል።» ከረጢቱን ከፊታቸው ገፋ አደረጉት። «ቀናሁ። በዘርሁን አይደለም። በዚያኛው። እኔን ጥሎ ሄዶ እንኳ የዘርሁንን እጅ ወሰደብኝ። ስኮርታውን ጎትቼ አወጣሁና አንዱን መፍታት ጀመርኩ። ‹ተዉ ጋሼ› አለኝ። የሚወጣ መሰለኝ። አንዱን ስገለብጥ አይቶ፣ ተበሳጭቶ፣ ወጥቶ የሚጣላኝ መሰለኝ። እንዲጣላኝ ነበር የፈለግኩት።»

«አልወጣም።»

«አልወጣም። አምኖኛል።»

እናትነሽ መጠየቅ ያልፈለገችው ጥያቄ ቀርቷት ነበር። የሐኪሙን ሁለት ምልክት አሰበች።

«ከዚያ በክሪኩ መልሰው አነሱት።»

«ላወጣው ነበር። እምላለሁ፣ ላወጣው ነበር። ሳየው ግን... አለቀ። ቡሎኑ መሬት ላይ ወድቋል። የተፈታ ሆኖ ቢያገኙት ማን ፈታው ይላሉ አልኩ። አስገባሁት። አጠበቅሁት።»

«ስኮርታውን ግን አልመለሱትም።»

«ብመልሰው በክሪኩ ያሳበብኩት አይሆንም።»

«መኪናውን መልሰው ለቀቁት። እሱ ከሥር እያለ።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ከከረጢቱ ላይ አነሱ።

«ሁለት ጊዜ ጫኑበት፣ ጋሽ ጌታቸው።»

ሽማግሌው ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ከመዳፋቸው ጀርባ የወጣው ድምፅ ቃል አልነበረም። ሩሃማ ቀስ ብላ ወጣች።

እናትነሽ ቢሮዋ ገብታ ለብዙ ደቂቃ ቆመች። እንዲጣላኝ ነበር የፈለግኩት የሚለው ነገር ከጆሮዋ አልወጣ አለ። መሳቢያውን ሳበችና ደብዳቤውን አወጣች።

«ሩሃማ።»

«አቤት ኢንስፔክተር።»

«ይኼ የመጣው...»

«ከሃያ ቀን በፊት። ዐውቃለሁ።»

«እንዴት?»

«መሳቢያዎ ቁልፍ የለውም።»

እናትነሽ ሳቀች ማለት ይከብዳል፤ ከአፍንጫዋ አየር ወጣ። «ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«እስኪፈርሙ እየጠበቅኩ ነበር» አለች ሩሃማ። «ሳይፈልጉ እንዲፈርሙልኝ አልፈለግኩም።»

እናትነሽ አሁንም መፈለጓን እርግጠኛ አልነበረችም። ፈረመች። ቀኑን የጻፈችው የዛሬውን ነው፤ ሃያውን ቀን ወደኋላ ልትሸሽግ አልሞከረችም።

*

ከሰዓት በኋላ ጣቢታ ብቻዋን መጣች። እናትነሽ ወደ ግቢው ወሰደቻትና ላንድክሩዘሩ አጠገብ ቆሙ። ሁለቱ ጎማዎች አሁንም ከሥሩ ተጋድመዋል።

«ለማን እንደገዛው ልንገርሽ ብዬ ነው» አለች እናትነሽ፤ በባትሪ አበራችላት።

ጣቢታ ነጠላዋን ሰብስባ ተንበረከከች። ጉልበቷ ዘይት ነካ፤ ግድ አልሰጣትም። በግራ በኩል ያለውን ዳዶ አየች፤ ከብረቱ ተነስቶ፣ ዳዶውን አቋርጦ፣ ቡሎኑ ጫፍ ላይ የሚያልቀውን ቀይ መስመር።

«ይኼን እሱ ነው ያሰመረው?»

«እሱ ነው። ቢላላ እንዲታወቅ።»

«ጠርሙሱ ሁሉ ለዚህ?»

«ለዚህ።»

ጣቢታ ጣቷን በመስመሩ ላይ አስኬደችው። በጣም ቀጭን፣ በጣም ቀጥ ያለ ነበር፤ ጊዜ ወስዶ፣ ትንፋሹን ይዞ የሠራው።

«ለምን ደበቀኝ?»

እናትነሽ አንድ ሺህ መልስ ልትሰጣት ትችል ነበር፤ አንዱንም አታውቀውም። «ጋራዥ ውስጥ ስቀውበታል። ቤትም እንዳይሳቅበት ይሆናል። እኔ አላውቅም።»

«እስቅበት ነበር» አለች ጣቢታ።

ጣቷ መስመሩ ላይ እንዳለ ግንባሯን ቀዝቃዛው ብረት ላይ አሳረፈች። ከዚያ ትከሻዋ ተንቀሳቀሰ። እሁድ እንዳለችው አለቀሰች።